ጾመኛው ማሳ

የእትዬ ትርንጎን ሞት የሰማሁት በስልኬ፣ በቢሮአችን ግሩፕ ላይ ነው። ኃላፊያችን ጠዋት «የቀድሞ ባልደረባችን ስላረፉ ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። ስም እንኳ አልጠቀሰም። ከሥሩ አንዱ ሻማ ለጠፈ፣ ሌላው የሚጸልዩ እጆች ለጠፈ፣ ከዚያ ስለ መብራት መጥፋት የተጀመረው ወሬ ካቆመበት ቀጠለ። ማን እንደሞተ ለማወቅ የግዥ ክፍሉ ልጅ ጋ ደወልኩ። «እንዴ፣ ገናነው ናቸዋ!» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁና ሥራዬን ጥዬ ወደ ለቅሶው ሄድኩ። እንዲህ ማዘኔ ራሴንም ገረመኝ።

«ገናነው» እኛ ያወጣንላቸው የሹፈት ስም ነው። እኔ ከሰቆጣ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ የእርሻ ሙከራ ጣቢያ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። እንጀራዬ ጣቢያችን ለአርሶ አደሩ ምን ምን እንዳደረገለት ዜና መሥራት ነው፤ የተሻሻለ ዘር፣ የተዳቀለ ፍየል፣ ዘመናዊ ቀፎ። ተመራማሪዎቹ ሁሉ ዜና ይሰጡኛል፤ አንዳንዶቹማ ሥራው ሳይደርስም ይሰጡኛል። እትዬ ትርንጎ ዘንድ ስሄድ ግን መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«እትዬ፣ ዘንድሮስ ለዜና የሚሆን ነገር የለዎትም?»

«ገና ነው ልጄ።»

«አምናም እንዲሁ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«አምናም ገና ነበራ!»

የደጀን ሰው ነበሩ። ወደ ሰቆጣ የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ ሻንጣውን ሳይፈታ የሚጽፈው የዝውውር ማመልከቻ ነው፤ እኔም ጽፌ ነበር፣ መልሱን እስካሁን እየጠበቅሁ ነው። እሳቸው ግን በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ አረጁ። አላገቡም። የትምህርት ዕድል ሲመጣላቸውም «ማሳዬን ለማን ልተወው?» እያሉ ያሳልፉት ነበር። ከኋላቸው የመጡት ሁሉ ዶክተር ሲሆኑ እሳቸው እትዬ ሆነው ቀሩ። አጠር ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ክረምት ከበጋ የወንድ ቦት ጫማ የሚያደርጉ ሴት ነበሩ። ጃንጥላ ከእጃቸው አይጠፋም፤ ሲዘረጉት ግን አይቼ አላውቅም። መሬት መውጊያቸው ነበር።

ከእሳቸው ጋር መስክ መውጣት መከራ ነው። መኪናው መንገድ የተቆረጠበት ገደል አጠገብ በደረሰ ቁጥር «አቁምልኝ!» ይላሉ። ወርደው ከአፈሩ ቆንጠር ያደርጉና ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጣቶቻቸው መሀል ያሹታል። ድምፁን ነው የሚያዳምጡት፤ አሸዋ የበዛበት ይንኮሻኮሻል፣ ሸክላ የበዛበት ዝም ይላል ይሉ ነበር። ከዚያ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ጨልፈው ይመለሳሉ። ሾፌሩ እስከዚያ አንድ ሲጋራ አጭሶ ሁለተኛውን ይጀምራል። አንድ ጊዜ ከአምደወርቅ ስንመለስ ኬላ ላይ አንድ ወታደር ቆርቆሮዎቹን አስከፈታቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አፈር ነው።»

«የምን አፈር?»

«የገበሬ ማሳ አፈር።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ልጠይቀው ነው የምወስደው» አሉት፣ ምንም ሳይስቁ።

ወታደሩ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ «ደህና ናቸው?» ሲለኝ፣ እኔም በዓይኔ «ተዋቸው» አልኩት። አሳለፈን።

የሚጠይቁት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቼ ነው። ከጣቢያው ጓሮ፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር፣ አንድ ጠባብ ማሳ ነበራቸው። እንደመጡ ሰሞን የአገሩን ገብስ ዘሩበት። ማዳበሪያ የለም፣ ፍግ የለም፣ ገለባው ሳይቀር ታጭዶ ይወጣል። በዓመቱ ደግመው ገብስ ዘሩበት፤ በዓመቱም እንዲሁ። እንዲህ እያሉ ከሃያ ዓመት በላይ ሄዱ። መጀመሪያ ላይ ምርቱ እየወረደ መጣ፤ ይሄ ማንም የሚጠብቀው ነው። ከዚያ ግን መውረዱን አቆመ። ገብሱ ቢጫ ነው፣ ቀጫጫ ነው፣ ሲያዩት ያሳዝናል፤ ነገር ግን በየዓመቱ ያቺኑ የለመዳትን ያህል ይሰጣል።

«እስቲ አስበው» አሉኝ አንድ ቀን ካቡ ላይ ተቀምጠን። «በየዓመቱ ከዚህ ማሳ ምግብ እናወጣለን። ምንም አንመልስለትም። ጎተራ ቢሆን እስካሁን ባዶ ነበር። ታዲያ ይህ ገብስ ከየት እየበላ ነው? ማነው የሚያበላው?»

«ማነው?»

«እሱን ነው የማላውቀው!» አሉና ፊታቸው በራ። አለማወቅ እንዲህ የሚያስደስተው ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። በዚያ የድሮ ገብስ ሥር ዙሪያ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ፣ ከአየር ላይ ምግብ የሚያዘጋጅ አንዳች ፍጡር እንዳለ ይጠረጥሩ ነበር። መጠርጠር ግን አይበቃቸውም፤ ማወቅ ነበር የሚፈልጉት።

የቀን ሠራተኞቹና ዘበኛው አያ ኪሮስ ለዚያ ማሳ ፍግ ለምን እንደማይገባ ደጋግመው ይጠይቋቸው ነበር። አያ ኪሮስ አፋቸውን በኸምጣንጋ የፈቱ፣ አማርኛን ከጎረመሱ በኋላ የለመዱ፣ ከጾምና ከቅዳሴ የማይጎድሉ ሽማግሌ ናቸው። በሬዎቻቸውን ጠምደው ማሳውን የሚያርሱትም እሳቸው ነበሩ። እትዬ ማስረዳቱ ሲሰለቻቸው አንድ ቀን «ይህ ማሳ ጾመኛ ነው በሉት አያ ኪሮስ፤ ምንም እንዳታቀምሱት» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም። ስሙም «ጾመኛው» ሆኖ ቀረ፤ ፍየል እንኳ አያስጠጉበትም ነበር። እትዬ በስሙ እየሳቁ ራሳቸውም እንዲያ ይጠሩት ጀመር።

ግምገማ በመጣ ቁጥር መዓቱ የሚወርደው እሳቸው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ገምጋሚ አዳራሽ ውስጥ አስነሳቸው።

«ይህ ሥራ ዘንድሮ ለአርሶ አደሩ ምን ይሰጠዋል?»

«ዘንድሮ? ምንም አይሰጠውም።»

«በሚቀጥለው ዓመትስ?»

«ያኔም ምንም።»

ሰው መሳቅ ጀመረ። «ታዲያ መቼ ነው የሚሰጠው?»

«እኔ ከሞትኩ በኋላ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል» አሉ። ከዚያ የሳቀውን ሰው ሁሉ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩት። «የዩሪያ ማዳበሪያ ጆንያ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣልን። መርከብ ሲዘገይ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የዋግ ገበሬ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህ ጆንያ ከየት መጣ? ድሮ ሰዎች አየር ውስጥ ምን አለ፣ ተክል ምን ይበላል ብለው ጠየቁ። ሊሸጡት አልነበረም፤ ለማወቅ ነበር። ከእነሱ በኋላ የመጡት ዕውቀቱን ፋብሪካ አደረጉት፤ የእነዚያ ልጆች ደግሞ ለእኛ ይሸጡልናል። እኛ የሌላ ሰው ጥያቄ መልስ በጆንያ እየገዛን እንኖራለን። ፍየሉም ቀፎውም ይሁን፤ አልጠላሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ የራሳችን ይኑረን ነው የምለው። አንድ!»

ገምጋሚው ጉሮሮውን ጠረገና «ንግግሩ ጥሩ ነው እትዬ፤ ግን የተጠቃሚው አርሶ አደር ብዛት የሚለው ላይ ምን ልሙላ?» አለ። ሳቁ እንደገና ተነሳ። የዚያን ዓመት በጀታቸው ተቀነሰ፣ በተከታዩ ዓመት ጨርሶ ቀረ። ማሳው ግን ብዙ አይፈልግም ነበር፤ የአያ ኪሮስ በሬዎችና የእሳቸው ጉልበት ይበቁታል።

ጦርነቱ ሲመጣ ብዙዎቻችን ሸሸን። እሳቸው «ክረምት እኮ ገባ፤ ማን ይዘራልኛል?» ብለው ቀሩ። ስንመለስ ጣቢያው ቅርፊቱ ብቻ ጠበቀን። ማይክሮስኮፑ የለም፣ ማቀዝቀዣው የለም፣ የበር መዝጊያው ሳይቀር ተነቅሏል። በየዓመቱ ያስቀመጡት የእህልና የአፈር ናሙና ወለሉ ላይ ተደፍቶ ተረግጧል። ጾመኛውን ግን ማንም አልነካውም፤ ምን አለውና ይዘረፋል! እትዬና አያ ኪሮስ ተኩሱ ፋታ ሲሰጣቸው እየወጡ አርሰው ዘርተውታል። እትዬን ያገኘኋቸው የተደፋውን አፈር በመጥረጊያ ሲሰበስቡ ነው። «ተደባልቋል፤ ከእንግዲህ አይጠቅምም» አሉኝ፤ መጥረጋቸውን ግን አላቆሙም። ሲጨርሱ ወደ ጓሮ ይዘውኝ ሄዱና ያን ቀጫጫ ገብስ አሳዩኝ። «ዋናው ምስክር አልሞተም» አሉኝ። አቅፌ ሳምኳቸው።

ከዚያ የጡረታቸው ዓመት ደረሰ። በዚያው ዓመት ለስንት ጊዜ ሲለምኑት የኖሩት ነገር ተሳካ። ውጭ አገር ያለ አንድ ቤተ ሙከራ የዚያን መኸር ገብስና አፈር ሊመረምርላቸው ተስማማ። በገብሱ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን፣ ማለትም ዋናው የተክል ምግብ፣ ከአየር ይምጣ ከአፈር ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ አለው። የድሮው ናሙና ስለጠፋ የሚላከው ከዚያ ማሳ የሚታጨደው ብቻ ነበር። እሳቸው ሲወጡ ቦታቸውን የሚተካ ሰው እንደማይቀጠር ስለተነገራቸው፣ ዕድሉም ያ አንድ መኸር ብቻ ነበር። እትዬ ያን ክረምት ሲፍለቀለቁ ከረሙ። ቢሮዬ ብቅ ብለው «ዘንድሮ ዜና ትሠራለህ» አሉኝ። እኔም ርዕሱን ሁሉ አስቤ ነበር።

ነሐሴ ላይ ለዓመታዊ ግምገማ ባሕር ዳር ተጠሩ። ልቅር ብለው ለመኑ፤ ኃላፊያችን አልፈቀደም። ሄዱ፣ ከኋላቸው መንገዱ ተዘጋ። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ይደውሉልኛል፤ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «አያ ኪሮስን አገናኘኝ» ይላሉ። ስልኩን ወስጄ እሰጣቸዋለሁ።

«አያ ኪሮስ፣ ጾመኛው እንዴት ነው?»

«እጅግ ደህና ነው እትየ! ሲመጡ ያዩታል» ይላሉ ሽማግሌው፤ አጠገባቸው የቆሙት የቀን ሠራተኛ ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። በደስታ የተሸሸገ ነገር እንዳለ ያስታውቃል። እኔ ወደ ጓሮው ዝር ሳልል ስለከረምኩ ለጡረታቸው ስጦታ ያዋጡ መስሎኝ ነበር።

እትዬ መንገዱ ተከፍቶላቸው የተመለሱት በመስክ ቀን ዋዜማ ነው። የመስክ ቀን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰብሉ ዛላ ሲይዝ፣ ከላይ ባለሥልጣናቱ ከታች ገበሬዎቹ ተጠርተው ሙከራዎቻችንን የሚጎበኙበት በዓል ነው። ከመኪና ወርደው ሻንጣቸውን ለእኔ ሰጡና በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ካቡን ዞር እንዳሉ ቆሙ።

ጾመኛው ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል። ቁመቱ ከወትሮው እጥፍ፣ ዛላው የተንዠረገገ። በዚያ ማሳ ላይ እንዲህ ያለ ገብስ በቅሎ አያውቅም። እኔ ነገሩ ሳይገባኝ «እንኳን ደስ አለዎት!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ዘጋሁት። ጃንጥላቸው ከእጃቸው ወደቀ። አንድ ቅጠል ቀንጥሰው ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ሌላም ቀነጠሱ።

«ማነው ያበላው?» አሉ።

አያ ኪሮስ ከዘበኛ ቤቱ እየሮጡ መጡ። ፊታቸው ሠርግ የደገሰ ሰው ፊት ነበር።

«አዩት እትየ? አዩልኝ?» አሉ እያለከለኩ። «እኔና ሴቶቹ ነን። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ሰጠነው። ከዚያኛው ማሳ የተረፈ ዩሪያ ነበር፤ ማንም አላየንም። አምና እንግዶቹ ‹ይህ የማን የድሃ ማሳ ነው?› እያሉ ሲሳለቁ እዚህ ቆሜ ሰማሁ። ሆዴ ተቃጠለ። አንቱ ደግሞ ዘንድሮ መውጣትዎ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ጾመ፤ ጾም መፈታት አለው አይደል? አንቱ እያሉ ይፈታ አልን። ነገ በሰው ፊት አንገትዎን አይደፉም!»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ይጮሃሉ ብዬ፣ ወይም እዚያው ይወድቃሉ ብዬ ፈራሁ። ስገልጥ እትዬ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ አያ ኪሮስ» አሉ። «እንዲህ ያለ ውለታ ማን ይውልልኛል?»

አያ ኪሮስ ለሴቶቹ ሊነግሩ ሮጡ። እኔ ግን አልቻልኩም፤ ተናደድኩ።

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ወደውኝ እኮ ነው ያደረጉት።»

«ይሁን፤ አንድ ዓመት ነው የተበላሸው። በሚቀጥለው ዓመት ይላኩታል።»

«አንድ ዓመት አይደለም» አሉኝ ካቡ ላይ ቁጭ እያሉ። «ከጆንያ የገባውና ማሳው በራሱ ሲያገኘው የኖረው ተቀላቅሏል። የትኛው ከየት እንደመጣ ከእንግዲህ የሚለየው የለም። ከሥር ያለው ነገርም፣ ካለ፣ ሲቀለብ ሥራውን ይተዋል። ወደ ነበረበት እስኪመለስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። እኔ የቀረኝ እስከ ሰኔ ነው።» ከዚያ «አያ ኪሮስ ጆሮ እንዳይደርስ። ማልልኝ» አሉ። ማልኩላቸው።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ዋናው እንግዳ ጾመኛው ፊት ቆሞ «ምርምር ማለት ይሄ ነው!» አለ። ፎቶ ተነሳ። እትዬ እንዲያስረዱ ተጠየቁ። «ገብስ ማዳበሪያ ሲያገኝ እንዲህ ይሆናል» አሉ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰው አጨበጨበ። አያ ኪሮስ ከኋላ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ቆመዋል። ዜናውን እኔ ጻፍኩት፤ በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመናቸው ስለ እትዬ ትርንጎ ማሳ የወጣ ዜና እሱ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ሥራዬን ጠላሁት።

ለቤተ ሙከራው የሚላክ ናሙና እንደሌለ ራሳቸው ጻፉ። ጡረታ ሳይወጡ በፊት ጥያቄውን የሚረከብ ሰው ፈልገው ወጣቶቹን ተመራማሪዎች አንድ በአንድ ለመኑ። አንዱ «ለደረጃ ዕድገት አይያዝልኝም» አላቸው፣ ሌላው በትህትና አስባለሁ ብሎ በዚያው ቀረ። አልፈርድባቸውም፤ እነሱንም የሚገመግማቸው ያው ሰውዬ ነው። ማሳው አሁን በጦርነቱ የተበላሹ መኪኖች ማቆሚያ ሆኗል።

እሳቸው ሰቆጣ ውስጥ ተከራይተው ኖሩ። አንድ ጊዜ ከጋዝጊብላ ስመለስ ደስ ይላቸዋል ብዬ አፈር በቆርቆሮ ይዤላቸው ሄድኩ። ቆንጠር አድርገው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፣ ትንሽ አሹት፣ ከዚያ መልሰው ቆርቆሮው ውስጥ ጨመሩት። «ለማን ብዬ?» አሉኝ። ዘንድሮም ማዳበሪያው ዘግይቷል፤ ገበሬው ጆንያ እየጠበቀ ነው፣ እኔም በቅርቡ እንደሚደርስ ዜና ሠርቻለሁ። ገብሱ ከየት ይበላ እንደነበር የሚጠይቅ ሰው ግን በአገሩ አንድም የለም፤ የሚመጣም አይመስለኝም።

የቀበርናቸው እዚሁ ነው። ወንድማቸው ከደጀን ተነስቶ ነበር፤ መንገዱ ዝግ ስለሆነ ከግማሽ ተመለሰ። ከቢሮ የመጣነው ጥቂት ነን፤ ድንኳኑን የሞሉት እነዚያ የቀን ሠራተኛ ሴቶችና ባሎቻቸው ናቸው። እንደ ወጉ ሰው ሁሉ ስለ ሟች የሚያውቀውን ሲናገር ቆይቶ ተራው አያ ኪሮስ ላይ ደረሰ። በበትራቸው ተደግፈው ተነሱ።

«እኔ የተማርሁ አይደለሁም፤ ሥራቸውን አላውቅም» አሉ። «ብዙ ጊዜ ግን ሲሳቅባቸው አይቻለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ቀን፣ ከኀፍረት አወጣኋቸው። ማሳቸውን ጾም አስፈታሁላቸው፤ ትልቅ ትልቁ ሰው ሁሉ አጨበጨበላቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑኝ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የምተማመንባት ይህችው ናት፤ እግዜር ፊትም ይህችን ይዤ ነው የምቀርብ።» ከዚያ በበትራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይህ ልጅ ነበረ፤ አይቷል። እውነት አይደል?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እውነት ነው አያ ኪሮስ» አልኩ።